ከበበን አያችሁት ወይ?

ሦስት ቀኔ ነው። ቡና ስጠጣ፣ ሱቅ ስከፍት፣ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ የአንድ ሰው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። ሰውየው ገብሩ ካሳ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፣ ደጋግሜ እጠራዋለሁና። በኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ፊልም ውስጥ ከበበ የሚባለውን «እብድ» ሆኖ የሚጫወተው እሱ ነው። ፊልሙ የወጣው በ1968፣ በፈረንጆቹ 1976 ነው። እኔ ያየሁት ባለፈው ቅዳሜ ማታ! ይህን ሁሉ ዘመን ይህ ሰው እዚያ ውስጥ ቆሞ ሲናገር ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም። ይቆጨኛል። ከቁጭቴ ይልቅ ግን ደስታዬ በዝቷልና እስኪ ልንገራችሁ።

የምኖረው እጃጂ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚሄድ ሰው አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን አልፎ ባኮ ከመድረሱ በፊት ያገኛታል፤ ብዙው መንገደኛ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። እኛ ልጆች ሳለን ፊልም የለመድነው በቪዲዮ ቤት ነበር። የጣውላ አግዳሚ፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን፤ ዛሬ የህንድ ፊልም፣ ነገ የካራቴ። በዚያ ቤት ሕግ «አክተሩ» ማለት የማይሞተው ሰው ነው። ፊልሙ ገና ሳይጀምር «አክተሩ የቱ ነው?» ብለን እንጠይቃለን፤ ከነገሩን በኋላ ዓይናችን ከእሱ አይነቀልም። ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ቅዳሜ ማታ ያንኑ ጥያቄ እናቴ ጠየቀች።

የእህቴ ልጅ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ለእረፍት ሲመጣ ፊልም በፍላሽ ይዞልኝ ይመጣል። «ኤሱማ፣ ይኼን ግን ብቻዎን እንዳያዩት፤ ሰው ይጥሩ» አለኝ። ጠራሁ። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፤ አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ከዋጋና ከሰላምታ ብዙም አያልፍም። ሰማንያን የተሻገሩት ጎረቤታችን አባባ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተኮለኮሉ። ላፕቶፑን ሣጥን ላይ አቆምነው።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ሲጀምር ጎሕ ይቀድዳል፤ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ይነሣል፣ ይጸልያል፣ ከብት ይፈታል፣ ቀንበር ይጭናል። የሚሮጥ ሰው የለም፣ ሙዚቃ እየገፋ አያጣድፋችሁም። የእህቴ ልጅ ፈራ፤ ጎንበስ ብሎ «ትንሽ ይታገሡት» አለኝ። ማን ታግሦ! እናቴ በሬዎቹን እንዳየች ከተደገፈችበት ግድግዳ ተነሥታ ቀና ብላ ተቀመጠች። ቀንበሩን አየች፣ አራሹን አየች፣ የሴትየዋን እጅ አየች። ባላባቱ ከቤቱ ደጃፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲያዝና ሲሳደብ አባባ ከዘራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መሬት አቆሙት። ያን ጊዜ ነው እናቴ ከልጆቹ የለመደችውን ቃል አንሥታ «አክተሩ የቱ ነው?» ያለችው። የእህቴ ልጅ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ከበበ መጣ። እናቴ በጣቷ አሳየችን። «ይኼ ነው» አለች። ማንም አልነገራትም!

አሁን ስለ ትወናው ልናገር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት የነበረው እሱን ነው።

በእኛ መድረክም ሆነ በእኛ ድራማ እብድ ሲመጣ ገና ከበር እናውቀዋለን። ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ልብሱ የተቀዳደደ፣ ያለ ቦታው የሚስቅ፣ ዓይኑን የሚያንከራትት ነው። ገብሩ ካሳ ከዚህ አልተነሣም። እሱ የተነሣው ከባለጉዳይ ነው! ከበበ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። ጣሊያንን የተዋጋ አርበኛ ነበረ፤ መሬቱን ተቀማ፤ አቤት ያለበት ሁሉ አልሰማውም። እና ምን አደረገ? አቤቱታውን ተሸክሞ መንገድ ወጣ። መዝገቡን የሚከፍትለት ዳኛ ስላጣ ላገኘው ሁሉ ራሱ ያነብለታል፤ ለአላፊ አግዳሚው፣ ለሕፃናቱ፣ ለባላባቱም በፊቱ። እኛ ይህን ሰው እናውቀዋለን። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልሎ በየቢሮው በር የሚቆም፣ ቀጠሮው ስንት ዓመት እንዳለፈው የማይቆጥር፣ ዘበኛው በስሙ የሚጠራው ሰው በየከተማው አለ። አንድ ቀን ድምፁ ከፍ ይላል። በማግስቱ ሰፈሩ «ነካ አድርጎታል» ይለዋል። ገብሩ ካሳ ያችን አንዲት ቀን፣ ሰው ከባለጉዳይነት ወደ «እብድነት» የሚሻገርባትን ቀጭን መስመር፣ ፊልሙን ሙሉ ቆሞባታል። አንዴም ወደ አንዱ ወገን አይወድቅም። እንዴት ቻለ?

ንግግሩን ስሙት። ድሮ ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ነጠላው ይስተካከላል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ዳኛው ይሰማል። ከበበ የሚናገረው ልክ እንደዚያ ነው፤ ተከራካሪው ግን አይመልስም፣ ዳኛውም የለም። ይጠይቃል፤ ዝም ይሉታል፤ ዝምታውን እንደ መልስ ወስዶ ይቀጥላል። ይህ ነው ሰውነቴን የወረረው። አንድ ሰው ብቻውን ለሁለት ሲከራከር ማየት! ስለ ጦርነቱና ስለ ክህደቱ ሲተርክ ፎካሪ ይሆናል፤ ወዲያው ፉከራው ውስጡ ይሰበርና የቤቱን ዕቃ የሚቆጥር አባወራ ይመስላል፤ ከዚያ ይስቃል። ሳቁ ግን የእብድ ሳቅ አይደለም፤ ነገሩ ግልጽ ሆኖለት ሌላው እንዴት እንዳልታየው የሚገርመው ሰው ሳቅ ነው። ቤታችን ውስጥ ያን ሳቅ ተከትሎ የሳቀ አልነበረም። አባባ ራሳቸውን እየነቀነቁ በኦሮምኛ «መራታ ሚቲ» አሉ። እብድ አይደለም ማለታቸው ነው።

ደግሞ ይህን ልብ በሉልኝ። ካሜራው ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው። ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ይባላል፤ ኋላ በሆሊውድ ትልልቅ ሥራ የሠራ ሰው ነው። በረጅም ሌንስ ከሩቅ ያያል፣ ይጠብቃል፣ አይቸኩልም። ተዋናዩ ፊቱ ላይ የተደቀነበት ነገር የለም። የፊት መኮማተር፣ የከንፈር መንቀጥቀጥ፣ ዛሬ በየድራማው የለመድነው እንባን በቅርብ የማሳየት ብልሃት እዚህ አይሠራም። ያለው አካሄድ ነው፣ የትከሻ አያያዝ ነው፣ ድምፅ ነው። ገብሩ ካሳ ሲራመድ ወታደር እንደነበረ ከሩቅ ይታወቃል፤ ያ ወታደር ከተሸነፈ ቆይቷል፤ እግሩ ግን ገና አልሰማም! ይህን በወረቀት ላይ መጻፍ ቀላል ነው። በሜዳ መሐል፣ አቧራ ላይ፣ ከመቶ እርምጃ ርቀት በእግር ብቻ መናገር ግን ሌላ ነው።

እኛ ምዕራብ ሸዋዎች በቃል ብርቱዎች ነን ብል ማጋነን አይሆንም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው። የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ የጸጋዬ «ሀ ሁ በስድስት ወር» በአዲስ አበባ መድረክ ላይ ነጎድጓዱን ያወርድ ነበር፤ ያ የመድረክ አማርኛ ከፍ ያለ፣ የተመታ፣ እንደ ከበሮ የሚደልቅ አማርኛ ነው፤ እወደዋለሁ፣ ያደግሁበት ነው። ከበበ ግን በሌላ አማርኛ ነው የመጣው። የትቢያ አማርኛ ልበለው? ሰሙን አውልቆ ጥሎ በወርቁ ብቻ የሚሄድ ነው። ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። «እብድ ምን አለ?» ብለው ቢያስጠይቁ ኖሮ የ1966ን ነገር አስቀድመው በሰሙ ነበር።

ፊልሙ የተቀረጸው በዚያው በ1966 ክረምት መሆኑን ስታውቁ ደግሞ ፀጉራችሁ ይቆማል። ኃይሌ ገሪማ ያን ጊዜ ሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በክረምት እረፍቱ አገሩ ገባ፤ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይዞ፣ አብዛኞቹ ሙያተኛ ካልሆኑ ሰዎች ጋር፣ በሁለት ሳምንት ያህል ቀረጸው። በሁለት ሳምንት! ንጉሡ ከዙፋናቸው የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። ስለዚህ ከበበ ካሜራ ፊት ቆሞ ስለ ተነጠቀው መሬት ሲጮኽ አዋጁ ገና ወራት ይቀሩታል። ስላለፈ ነገር እየተረከ አልነበረም። ጥያቄው ትኩስ ነበር፤ የሚመልስለት እንዳለም ማንም አያውቅም ነበር። ያ አለማወቅ በገብሩ ካሳ ድምፅ ውስጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ በተሠራ በየትኛውም ፊልም ሊደገም አይችልም።

አሁን ወደ ሽልማት ነገር ልምጣ፤ ሰኞ ዕለት የእህቴ ልጅና እኔ በስልካችን ስንፈልግ ቆይተን ያገኘነው ነገር እስካሁን አላስቀመጠኝም።

በፈረንጆቹ 1976 ዓለም ማንን ሸለመ? የዚያን ዓመት የኦስካር ምርጥ ተዋናይ ፒተር ፊንች ነው፤ «ኔትወርክ» በተባለው የሲድኒ ሉሜት ፊልም። ምን ሆኖ ተጫወተ? አእምሮው የተነካ የዜና አንባቢ ሆኖ! ሕዝቡን በንዴቱ የሚቀሰቅስ፣ እውነቱን በጩኸት የሚናገር እብድ ነቢይ። ፊንች በጥር 1977 ሞተ፤ ሽልማቱ በመጋቢት ተሰጠው፤ ከሞተ በኋላ በትወና ኦስካር የተሸለመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይገባዋል፣ አልከራከርም። የዚያው ዓመት ዕጩ ሮበርት ደ ኒሮ ነው፤ «ታክሲ ድራይቨር»። ምን ሆኖ? ከጦርነት ተመልሶ ከተማው ውስጥ ብቻውን የቀረ፣ ቀስ በቀስ ወደ ደም የሚሄድ ወታደር ሆኖ! የካን ፊልም ፌስቲቫል ደግሞ በዚያው ዓመት ምርጥ ተዋናይ ብሎ የሸለመው ስፔናዊውን ሆሴ ልዊስ ጎሜስን ነው፤ «ፓስኳል ዱዋርቴ»። ምን ሆኖ? ባለርስቱን የሚገድል ድኃ ገበሬ ሆኖ!

ቆጠራችሁልኝ? እብድ ነቢይ፣ ከጦርነት የተመለሰ ብቸኛ ወታደር፣ ባለርስት ገዳይ። ዓለም በዚያ ዓመት ሦስቱን ሰዎች በሦስት ፊልም ውስጥ አገኘና አጨበጨበ። ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ፣ በከበበ ላይ ነበሩ! ገብሩ ካሳ ሦስቱን በአንድ ትከሻ ተሸክሞ፣ በአማርኛ፣ በባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያች የኦስካር ሌሊት የውጭ ቋንቋ ፊልም ሽልማት የወሰደው በኮትዲቯር ስም የቀረበ ፊልም ነው፤ የሠራው ግን ፈረንሳዊው ዣን-ዣክ አኖ ነው፣ ታሪኩም አፍሪካ ስለሚኖሩ የፈረንሳይ ቅኝ ገዥዎች ነው። የአፍሪካ ስም እዚያ አዳራሽ ውስጥ ተጠርቷል ማለት ነው። ከበበ ግን አልተጠራም። እንዴትስ ይጠራ? ኢትዮጵያ ለኦስካር ፊልም ማቅረብ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ስለ አበበ ቢቂላ በተሠራው «አትሌቱ»። ከከበበ እስከዚያ ሠላሳ አራት ዓመት ነው። በሩን የሚያንኳኳለት ሰው አልነበረም።

ፊልሙ ራሱ አልተረሳም፣ ይህን ልመስክር። በፈረንጆቹ 1976 በሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸልሟል። ኋላም በጣሊያን አገር የቦሎኛ ሲኔቴካ የተባለው የፊልም መዝገብ ቤት አድሶት እ.ኤ.አ. በ2006 ካን ላይ በታላላቅ ነባር ፊልሞች መርሐ ግብር ታየ። ከጀርባው ማን እንደነበረ ታውቃላችሁ? ማርቲን ስኮርሴዚ! በ1976 በዚያው ካን በ«ታክሲ ድራይቨር» ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ዘንባባውን የወሰደው ሰው ማለት ነው። ልክ በሠላሳ ዓመቱ ለከበበ ቦታ አስለቀቀለት። ስለ ፊልሙ በአድናቆት ጽፏል፤ ታላቅነቱ በስፋቱ ሳይሆን በስሜቱና በፖለቲካው ነው የሚል ሐሳብ አለው። ደግሞ ጣሊያንን የተዋጋውን የከበበን ፊት እንደገና ያጠሩልን፣ ጭረቱን ያስወገዱልን፣ ድምፁን ያነጹልን የጣሊያን እጆች መሆናቸውን አስቡት። ይህን ለአባባ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ዳይሬክተሩም ዘግይቶም ቢሆን ተከብሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የኦስካሩ ድርጅት ሙዚየም ሎስ አንጀለስ ላይ ሲከፈት ኃይሌ ገሪማን ሸልሞታል። እልል ብያለሁ። ነገር ግን ስለ ፊልሙ የተጻፈውን ሁሉ ሳነብ ኃይሌ አለ፣ አብዮቱ አለ፣ ጥቁርና ነጩ አለ፣ «ሦስተኛው ሲኒማ» የሚባለው እንቅስቃሴ አለ፤ ገብሩ ካሳ ግን በቅንፍ ውስጥ ነው። ከበበ ይሉና በቅንፍ ስሙን ያስገባሉ። እኔ ከቅንፉ ላወጣው ነው የመጣሁት!

   

ወደ ፊልሙ ልመለስ፣ ሌሎችም አሉና። ባላባቱን የሚጫወተው ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብቻ ያስጠላችኋል፤ ከወንበር ሳይነሡ ይህን ያህል መጠላት ትልቅ ችሎታ ነው። የገበሬው ልጅ ደግሞ አለች፤ በሕልሟ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው፣ ባላባቱ ጅራፍ ይዞ ሲያርስባቸው የምታይበት ክፍል አለ። እናቴ እዚያ ላይ ፊቷን በጋቢዋ ሸፈነች። አማርኛ አላስፈለጋትም።

የኃይሌ ሰዎች እንዲህ ናቸው። «ጤዛ» የተባለውን ሌላ ፊልሙን ያየ ሰው እናትየዋን ታድፌን አይረሳም፤ ታከለች በየነ ናት። ልጇ ከጀርመን እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበታትኖ ሲመለስ የምትቀበለው፣ መንደሩ ያገለላትን ሴት ቤቷ ያስጠጋች፣ ልጇን ጠበል የምታስወስድ እናት። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፤ በካርቴጅ ፊልም ፌስቲቫል አብዬ ተድላ በረዳት ተዋናይነት ተሸለመ፤ በዓመቱ ፌስፓኮ የሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁ ሽልማት የፊልሙ ሆነ። በዚያው የቬኒስ ፌስቲቫል ዓለም ጄኒፈር ሎውረንስ የምትባል ወጣት አገኘሁ ብሎ የአዲስ ተዋናይ ሽልማት ሰጣት። ታከለች በየነም እዚያው ሸራ ላይ ነበረች። አንድ ጊዜ ብቻ ልጇን ዝም ብላ የምታይበትን አስተያየት ተመልከቱና ንገሩኝ።

እሺ፣ ከበበ። መጨረሻውን ልንገራችሁ ወይስ ልተው? ግማሹን ልንገራችሁ። ከበበ ባላባቱን በዱላ ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ እዩት። የምለው ስለ ዱላው ነው። ገብሩ ካሳ ያን ጊዜ አይፎክርም! ፊልሙን ሙሉ ሲናገር የኖረ ሰው፣ ፉከራው በአፉ የሞላ አርበኛ፣ ያችን ቅጽበት ለቃል አላዋላትም። ማንኛውም ሌላ ተዋናይ እዚያ ላይ ይጮኽ ነበር፤ ሰው የሚሸለመውም በእንዲህ ያለ ጩኸት ነው። እሱ ግን ሥራውን እንደሚሠራ ገበሬ ሠራው። ወቃ። የተወቃ እህል ያየ ሰው ያን የእጅ ምት ያውቀዋል።

ቤቱ ጸጥ አለ። ልጆቹ እንኳ አልተንቀሳቀሱም። እናቴ ናት የጀመረችው፤ በኦሮምኛ «ጉማን ሆ?» አለች፤ «ጉማውስ?» ማለቷ ነው። ጉማ ማለት በኦሮሞ ደንብ ሰው ሲገደል የገዳይና የሟች ወገን በሽማግሌ ፊት ቀርበው የሚታረቁበት፣ የደም ካሳ የሚከፈልበት ነው። እናቴ የፊልሙን መጨረሻ ለማወቅ ያነሣችው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ለባላባቱ ደም ማን ጉማ ይከፍላል? አባባ ከዘራቸውን እያዩ መለሱላት። አባታቸው ጭሰኛ ነበሩ። አዝመራ በደረሰ ቁጥር የባለርስቱን ድርሻ በአህያ ጭነው የሚያደርሱት እሳቸው፣ በልጅነታቸው፣ እዚሁ ከእጃጂ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነበር። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ነግረውን አያውቁም። «ለእሱስ ማን ከፈለው?» አሉ፤ እሱ ያሉት ከበበን ነው። «መሬቱ ሲወሰድ ማን ጉማ አወጣለት?»

አሁን ይህን ስሙ። በዚያው በአብዮቱ ሰሞን «ጉማ» የሚባል የኢትዮጵያ ፊልም ተሠርቶ ነበር፤ የሚሼል ፓፓታኪስ ሥራ ነው፣ የሚያወራውም ስለዚሁ ደንብ ነው። ዛሬ ለኢትዮጵያ ፊልም የሚሰጠው የጉማ ሽልማት ስሙን የወሰደው ከእሱ ነው፤ የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ2006 ነው። እናቴ ይህን አታውቅም። ሽልማት የሚባል ነገር ከቶ አልተነሣም ነበር። እሷ «ጉማውስ?» ስትል እኔ ብቻ ነኝ የደነገጥሁት፤ ገብሩ ካሳ ከሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ሠርቶ የሄደው ሥራ በአእምሮዬ ዞረና ወንበሬን ያዝሁ።

ሌሎችን አላውቅም፣ እኔ ግን የወሰንሁት ነገር አለ። የቪዲዮ ቤቱን ልጅ አነጋግሬዋለሁ። አንድ የገበያ ቀን ማታ ያሳየዋል። «ጋሼ፣ ጥቁርና ነጭ ሰው አያይም» አለኝ። ባዶ ከሆነ የመግቢያውን እኔ እከፍላለሁ አልሁት። ከጌዶም ከባኮም ሰው ልጠራ ነው። አርበኞቻችን ጫካ ከገቡበት፣ ሌተና ጄኔራል ጃገማ ኬሎ ገና በልጅነታቸው ጠመንጃ ካነሡበት ከዚህ ከምዕራብ ሸዋ የበለጠ ከበበን የሚሰማ ጆሮ ከየት ይመጣል? የልጅ ልጆቻቸው አሁንም አሉ። አንዳንዶቹ ወረቀት በፌስታል ይዘው ቢሮ በር ላይ ቆመዋል።

እሑድ ጠዋት፣ ገና ቡናው ሳይፈላ፣ በሬ ተንኳኳ። አባባ ናቸው። ሌሊቱን አልተኙም፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ገብተው እንኳ አልተቀመጡም።

«ያ ሰውዬ አለ?» አሉኝ።

«የቱ?»

«ከበበ ነዋ! መብራት ሳይሄድ አምጣው እስኪ። አንድ ያልሰማሁት ነገር አለ።»